ብረት ታቅፎ ያረፈው ወይፈን

ተረት ተረት፣ የብረት ቤት!

ቦራ የሚባል ጎረምሳ ወይፈን የሰፈሩ ገመድ ጉተታ ቡድን አምበል መሆን አማረውና፣ "አግዙኝ የሚል ጥጃ ነው!" እያለ ብቻውን በጀርባው ተኝቶ ብረት ሲገፋ፣ ብረቱ ደረቱ ላይ ቀረ።

ዶሮ ጥሬ እየለቀመች መጣች።

"ቦራዬ፣ ምን ሆንክ?"

"ምንም! እያረፍኩ ነው።"

"ብረት ታቅፈህ?"

"ይቀዘቅዛል፤ ደስ ይላል።"

"እንግዲያው እኔም ልረፍ!" ብላ ብረቱ ላይ ጉብ አለች።

የቦራ ዓይን ፈጠጠ። "ኧረ የአገር ያለህ፣ አግዙኝ!" ብሎ ሰፈሩን አናጋው። የቡድኑ በጎች ሮጠው መጥተው በሳቅ እየፈረሱ አነሱለት።

በማግስቱ ከጉማሬዎች ጋር ገመድ ሲጓተቱ የቦራ ሰኮና ተንሸራተተ። ወዲያው "አግዙኝ!" አለ። በጎቹ ወገቡን፣ ዶሮዋ ጭራውን ይዘው ሲስቡ ጉማሬዎቹ ጭቃው ውስጥ ዘጭ! በጎቹም አምበልነቱን እዚያው ለቦራ ሰጡት።

ተረቴን መልሱ፣ ብረቱን ግን ሁለት ሆናችሁ አንሱ!