ሁለት ዓይን ለአያ ጅቦ

አገሩ ጫካ ነው። ስሙን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ባያውቀው አይጎዳም። በዚያ ጫካ የሚገዙት አያ ጅቦ ነበሩ። ከእሳቸው በፊት የነበረው አንበሳ አርጅቶ ሲሞት ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት እሳቸው ስለሆኑ፣ እንባቸው ሳይደርቅ ዙፋኑ ላይ ተቀመጡ። የአንበሳውን ሬሳ ግን ከለቅሶው በኋላ ያየው የለም።

የአገሩ ሥርዓት ቀላል ነው። አያ ጅቦ ማንንም አይበሉም፤ ይሾማሉ። አንድ ድኩላ ወፈር ሲል ቤተ መንግሥት ይጠራና የግጦሽ አዛዥ ይባላል። የሐር መቀነት ታጥቆ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ ስለሚበዛበት አይታይም። ቤተሰቡ እንኳን ደስ ያላችሁ ይባላል። እናቶች ልጆቻቸውን «ብዙ አትብላ፣ ትሾማለህ» እያሉ ያሳድጉ ነበር።

ጋዜጣም ነበራቸው። በኮባ ቅጠል ላይ እየተጻፈ በአደባባዩ ዋርካ ላይ ይንጠለጠላል። አዘጋጇ ጅግራ ናት። ጠንቃቃ ናት፤ ከመጻፏ በፊት ግራና ቀኝ ታያለች፣ ከጻፈች በኋላም እንዲሁ። የምትጽፈው በአብዛኛው የሹመት ዜና ስለነበር አንባቢ እየራቃት ሄደ። ሥዕል ቢኖርበት ይመለሱ ይሆናል ብላ ጃርቱን ቀጠረችው። በዚያ ጫካ ለጋዜጣ ሲሥል እሱ የመጀመሪያው ነው።

ጃርቱ ሙያውን የተማረው በዋሻ ግድግዳ ላይ የጥንት አባቶችን ሲሥል ከኖረው ከሽማግሌው ጉሬዛ ነው። ጉሬዛ ከሞተ ቆይቷል፤ የሥዕል ሕጉ ግን አልሞተም። ደግ የሆነ ሁሉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን የማያውቅ የጫካው ነዋሪ የለም። ማንበብ የማይችለው ከርከሮ እንኳ ዋሻ ሲገባ ዓይን ቆጥሮ ለማን እንደሚሰግድ ይለያል። ጃርቱ ቀለሙን ከጥላሸት ይበጠብጣል፣ ለብዕር ግን ከገዛ ጀርባው እሾህ ይነቅላል። እያንዳንዱ ሥዕል ያመዋል ማለት ነው። ሥዕሎቹ የሚያስቁትም በዚሁ ይመስለኛል።

አንዱ ድኩላ በተሾመ ማግስት ጋዜጣው ላይ አንድ ሥዕል ወጣ። አያ ጅቦ ከገበታ ተነሥተው አፋቸውን በሐር መቀነት ይጠርጋሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን። ከሥሩ አንድም ቃል አልተጻፈም። አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። የድኩላው ሚስት ብቻ አልሳቀችም፤ መቀነቱን አወቀችውና ለቅሶ ተቀመጠች። በዚያ አገር ለተሾመ ሲለቀስ የመጀመሪያው ነበር።

አያ ጅቦ ሥዕሉን አስመጥተው ትክ ብለው አዩት። አማካሪያቸው ቀበሮ በመቀነቱ የሚቆጡ መስሎት ምክንያት ሲያዘጋጅ ቆየ። እሳቸው ግን አፍ መጥረግ ነውር የለውም አሉ። ያንገበገባቸው ዓይናቸው ነው። «ሁለተኛዋ የት ሄደች?» ብለው ጠየቁ። ወዲያው አዋጅ ተነገረ፤ ባለሥልጣንን በአንድ ዓይን የሣለ ይሾማል የሚል።

ጃርቱ አዋጁን አከበረ። በሚቀጥለው ጋዜጣ አያ ጅቦን ከኋላቸው ሣላቸው። ጅራታቸውን ወትፈው ወደ ማድ ቤት ይገባሉ፤ ዓይን የሚባል ነገር የለም። ጉባኤ ተጠራና ጀርባ ስንት ዓይን እንዳለው ሲከራከሩ ዋሉ። ከርከሮ ሁለቱም ዓይኖች በወዲያ በኩል ስላሉ ሥዕሉ የደግ ሥዕል ነው አለ። ቀበሮ ባዶ ከአንድ ስለሚያንስ ስድቡ የባሰ ነው ሲል አስረዳ። ጅግራም ተጠይቃ፣ ሥዕሉ ሲሰቀል ወደ ሌላ አቅጣጫ ታይ እንደነበር መሰከረች።

ጃርቱ ይሾም የሚለው ድምፅ ሲበረታ ቀበሮ ወደ አያ ጅቦ ጆሮ ተጠጋ። አሁን ቢሾሙት የሣለው እውነት ነበር ይባላል አላቸው። ይልቅ በአደባባዩ ገደል ላይ እሳቸውን በሁለት ዓይን ይሣል፣ ግዙፍ አድርጎ። ሲጨርስ እሾሁ ይነቀል። እምቢ ካለ እሱም ሚስቱም ይሾሙ። አያ ጅቦ ምክሩ ጣማቸው።

እሾህ የሌለው ጃርት ሥጋ ነው፤ ይህን ጃርቱም ሚስቱም ያውቃሉ። ቢሆንም በዚያ ቀን ከሚስቱ ጋር የተጨቃጨቀው ስለ እሾሁ አልነበረም።

«ሁለት ዓይን ስጣቸውና ይቅር» አለችው።

«የሣልኩትን ያየ ሁሉ እኮ ያምናል። ደግ ናቸው ብዬ በገዛ እጄ ልመሰክርላቸው ነው?»

«እኔንስ ሲሾሙኝ በስንት ዓይን ልታየኝ ነው?»

ሚስቱን ይወዳት ነበር። ተነሥቶ ወደ ገደሉ ሄደ።

ክፉኛ አፍሮ ሠራ። አበላሽቶ ሊሥል ሞከረ፤ አልቻለበትም፣ እጁ አልታዘዝ አለው። ጉሬዛ ለአባቶች ይሰጣቸው የነበሩትን ርኅሩኅ ዓይኖች ለአያ ጅቦ ሰጣቸው። አፋቸውን ገጥሞ ሣለው፤ ይኸውም በሕይወታቸው ተገጥሞ የማያውቅ አፍ ነው። ሲጨርስ የቀረውን እሾህ ነቀሉት፣ ቀበሮም ለጥንቃቄ ሁሉንም አቃጠለው። ጃርቱ ኮባ ተከናንቦ ቤቱ ገባ። ከመላጣነቱ ይልቅ ሥዕሉ አሳፍሮት ከደጅ አልወጣም።

እንስሳቱ መጥተው ዓይን ቆጠሩ። ሁለት ነው። ልማድ ነውና ሰገዱ። ቀጥሎ አቤቱታ ያለው አቤቱታውን ለሥዕሉ ያሰማ ጀመር። ሥዕሉ ሳያቋርጥ ይሰማል፤ ባለጉዳዩም በሙሉ አካሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ብዙ ሳይቆይ ወደ ቤተ መንግሥት የሚወስደው መንገድ ሣር በቀለበት።

አያ ጅቦ ነገሩ ሲከነክናቸው ሁሉንም ገደሉ ሥር ሰበሰቡ። በሁሉ ስም የተናገረችው አሮጊቷ ዔሊ ናት።

«አያ ጅቦ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» አለች። «በሥዕሉ በጣም ተደስተናል። እሳቸው ባለጉዳይ ይሰማሉ፣ አይቆጡም፣ ከመጡ ጀምሮ ማንንም አልሾሙም። ራብ የሚባልም አያውቁም። እርስዎ ብዙ ደክመዋል። ፈቃድዎ ከሆነ እሳቸው ይግዙን፣ እርስዎ ይረፉ።»

በንግግሯ ውስጥ ቅንጣት ፌዝ አልነበረም። ከልቧ ነው የተናገረችው፤ የከፋውም ይኸው ነው። ለፌዝማ አዋጅ አለ።

አያ ጅቦ ወደ ቀበሮ ዞረው «ታዲያ እኔ የቱ ነኝ?» አሉት። ቀበሮ አንዴ ሥዕሉን አንዴ እሳቸውን አየ። አያ ጅቦ ተወርውረው ገደሉ ላይ ወጡና የተሣለውን የገዛ ፊታቸውን ቧጠጡት። ግራ ዓይኑ ከነድንጋዩ ተፍቆ ወረደ።

የሳቀ የለም። ከርከሮ ብቻ፣ እንደ ልማዱ ቆጥሮ፣ «አንድ» አለ።

ሥዕሉ ይጥፋ ቢባል፣ ንጉሥ ራሱን ከዙፋን አወረደ ይባላል። ይተው ቢባል፣ አገር እየመጣ ያየዋል። ቀበሮ በጭራሮ ሊጠግነው ሞክሮ ዓይኑ ከጆሮው ሥር ስላረፈ ቶሎ አጠቡት። በመጨረሻ ጃርቱን ከነኮባው አመጡትና ዓይኑን እንዲመልስ አዘዙት።

ጃርቱ ሥዕሉን ቀና ብሎ አየው። ከሣለው ወዲህ ቀና ሲል የመጀመሪያው ነው።

«ብዕሬን አቃጥላችሁታል» አለ። «እሾሄ ሲበቅል እመልሰዋለሁ። ግን ይህኛውን እኔ አልሣልኩትም፤ የእጅ ሥራዎ ነው።»

አሁን ጃርቱና ሚስቱ በዘበኛ ይጠበቃሉ። እሾሁ ቶሎ እንዲበቅል ተብሎ ለስላሳ ሥራ ሥር እየተቆፈረ ይቀርብለታል። በዚያ አገር ወፍሮ ያልተሾመ እሱ ብቻ ነው። ገደሉ ላይ ያለው ሥዕል ባንድ ዓይኑ አደባባዩን ያያል፤ የሚያልፍ ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና መንገዱን ይቀጥላል። አያ ጅቦ በየማለዳው ራሳቸው መጥተው የጃርቱን ጀርባ ይዳብሳሉ።

«በቀለ ወይ?» ይሉታል።

«ገና ነው» ይላል ጃርቱ።

ሰሞኑን አያ ጅቦ ዳብሰው ሲመለሱ በመንገድ ላይ የተወጋ መዳፋቸውን እየላሱ መሄድ ጀምረዋል። ጃርቱ ግን አሁንም ሲጠየቅ መልሱ «ገና ነው» ነው።