የጥጃ መንገድ የመሰለው ቦይ

አንድ ካብ ሠሪ ነበረ። ልጄ ትብለጥ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። የቤት ንድፍ ዲግሪ ይዘሻል፣ ቢሮም ለሥራ ጠርቶሻል። ታዲያ ላንድስኬፕ ለሚሉት፣ ለሜዳውና ለወንዝ ዳሩ ሥራ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ መማር፣ ከዚያም በሌላ ባለሙያ ሥር ሆኖ መልመድ ለምን አስፈለገ ነው ያልሽኝ። «የገበሬ ልጅ ነኝ፣ መሬት ይጠፋኛል እንዴ?» ብለሻል። ተቀመጪና ስሚ።

ካብ ሠሪው ድንጋይ ያውቃል። አንዱን ድንጋይ አንዴ አገላብጦ ካየው ቦታውን አይስትም፤ የካበው ካብ በሬ ቢታከክበት አይነቃነቅም። የአንድ መንደር ሰዎች ይህን ሰምተው አስመጡት። ገበያቸው ተዳፋት ላይ ነበረ፤ እህል አስቀምጠው የሚሰፍሩበት ደልዳላ ቦታ የላቸውም። «ደልድልልን» አሉት።

በጥር መጣ። በገመድ ለካ፣ ችካል ተከለ። በገበያው መሀል ቁልቁል የሚወርድ ጎድጓዳ መንገድ አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጥጆች የሚወርዱበት ነው» አሉት።

እውነታቸውን ነው። በበጋ ጥጆች ይወርዱበታል። በክረምት ምን እንደሚወርድበት ግን አልጠየቀም። «እነሱስ ለምን ዝም አሉ?» ትይኝ ይሆናል። እነሱ የተጠየቁትን መልሰዋል፤ ገመዱን የያዘው እሱ ነው።

ጎድጓዳውን ሞላው። ከገበያው በታች በኩል ረጅም ካብ ካበና አፈሩን ደለደለ። ሰው ሁሉ እየመጣ ካቡን በእግሩ እየመታ ያደንቅ ነበር።

ሐምሌ ገባ። ከላይ የመጣው ጎርፍ መውረጃው ተዘግቶ ቢያገኘው በካቡ ጫፍ ዞረ። ከገበያው በታች አንዲት ባልቴት ትኖራለች፤ ጎርፉ የጓሮዋን ነጭ ሽንኩርት ጠርጎ የቤቷን አንድ ግድግዳ ጣለው። ከካቡ አንዲት ድንጋይ አልወደቀችም።

ሰዎቹ ካብ ሠሪውን ጠሩትና «ካቡን አስረዝመው» አሉት። ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። ባልቴቷ በቀሩት ሦስት ግድግዳዎች መካከል ዕቃዋን ትሰበስባለች። ወደ እሷ ወረደ።

«እናቴ፣ ካቡን ባስረዝመው ውሃው ወዴት ይሄዳል?»

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ገበያውን ብቻ ለካህ። ውሃው ገበያ ውስጥ የተወለደ መስሎህ ነው?»

ሰውየው ካቡ ላይ ወጣና መሀሉን በገዛ እጁ ማፍረስ ጀመረ። የገበያ ቀን ነበረ፤ ሰዉ ሳቀበት።

«ለማፍረስማ እኛስ መች አነስን!» አለ አንዱ።

ቀና ብሎ አላየም። የሞላውን ጎድጓዳ እስከ ታች ጠረገው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ጎርፉም በፈረሰው መሀል አልፎ ወደ ወንዙ ሄደ። ሦስቱ ግድግዳዎች ቆመው አደሩ።

ያን ጊዜ ወደ አገሩ ሊመለስ ይችል ነበር። እሱ ግን ባልቴቷን «አስተምሪኝ» አላት። እሷም «ገለባ ያዝና ከላይ ጀምር» አለችው።

ክረምቱን ሙሉ በውሃው ላይ ገለባ እየበተነ ተከተለው። የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚያርፍ፣ የት ለሁለት እንደሚከፈል አየ። የትኛው ሣር እንደሚያዘገየው ጠየቀ። ሲሳሳት «አይደለም» ትለዋለች፤ እሱም እንደገና ሽቅብ ይወጣል። አንድ ቀን ገለባውን ሲያይ እግሩን ሳያይ ቀርቶ እሾህ ውስጥ ገባ። «ውሃውስ አለፈ፣ አንተ ቀረህ» ብላ ሳቀችበት። እሱም ሳቀ። ለካስ ስንት ዓመት ድንጋይ ሲያነሣ ድንጋዩ የሚያርፍበትን መሬት አይቶት አያውቅም።

በጥቅምት እንደገና ሠራ። ገበያውን ለሁለት ከፍሎ በመሀል ለውሃው ቦይ ተወ፤ ሰው እንዲሻገርም ጠፍጣፋ ድንጋይ አጋደመበት። የባልቴቷን ግድግዳ መልሶ አቆመላት። ነጭ ሽንኩርቷን ግን ሊመልስላት አልቻለም።

ልጄ፣ ካብ ሠሪው አንቺ ነሽ። ቤት መንደፍ ታውቂያለሽ፤ ይህን አልክድሽም። የገበሬ ልጅ መሆንሽ የኛን ማሳ ያሳውቅሻል እንጂ ያልኖርሽበትን ሰፈር አያሳውቅሽም። እኔ ይህን ያህል ዘመን አርሼ፣ በጎረቤቴ ማሳ ላይ ባለቤቱን ሳልጠይቅ ትልም አላወጣም።

ያ ሰው የተማረው ካጠፋ በኋላ ነው። ላንቺ ሳታጠፊ የሚያስተምርሽ ተገኝቷል። መምህሮችሽ ስህተትሽን ገና ወረቀት ላይ ሳለ ያዩልሻል። ቀጥሎም ባለሙያው አጠገብሽ ቆሞ «አይደለም» ይልሻል። ሲልሽ አትቆጪ፤ ሽቅብ ውጪ። ለዚህ ሁለት ዓመት አይበዛም።

ሂጂ ተማሪ። የጠራሽ ቢሮ ባይጠብቅሽ ሌላ ቢሮ ይጠራሻል። ከሥራሽ በታች የምትኖረው ሴት ግን ሌላ ቤት የላትም።