የተፈታችው ላዳ

"ሕግ ሕግ ነው፣ ቦሎ ከሌለው ይቀጣ" ነው ያልከው? ይሁን። መጀመሪያ ግን ይቺን ስማ፣ ከዚያ ትፈርዳለህ።

አንድ ላዳ ታክሲ የሚነዱ ሰውዬ ነበሩ፤ ጋሽ ወርዶፋ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሲነዱ ዶሮ እንኳን ገጭተው አያውቁም። አንድ ጸባይ አላቸው፦ ያልገባቸውን ነገር ሳይጠይቁ አያልፉም።

አንድ ቀን የላዳዋ ፍሬን አልይዝ አለ። ቦሎዋም፣ ያቺ መስታወት ላይ የምትለጠፈዋ የዓመት ምርመራ ወረቀት፣ ያን ሰሞን ጊዜዋ አለፈ። ጋሽ ወርዶፋ ላዳዋን በራቸው ላይ ግድግዳ አስጠግተው አቆሟት። ከጎማዋ ስር ድንጋይ አደረጉ። እንጀራቸው እሷው ናት፤ እሷ ከቆመች ቤቱም ቆመ ማለት ነው። ቢሆንም አቆሟትና በእግራቸው መለዋወጫ ፍለጋ ጀመሩ።

የጎረቤታቸው የሸዋፈራ ሚኒባስም ፍሬኑ ሞቷል፣ ቦሎውም ካለፈበት ቆይቷል። እሱ ግን ይነዳል።

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት? የሚሮጥ መኪና ማን ያየዋል?" ይላቸዋል እየሳቀ።

"ትራፊክ ባያይህ ግድግዳው ያይሃል" ይሉታል።

መለዋወጫው በተገኘ ማግስት ከበር ሲወጡ፣ አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ ላዳዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ በካቻቢቴ የታርጋዋን ብሎን ይፈታል።

"ልጄ፣ ምን አጠፋች?"

"ቦሎዋ አልፏል ጋሼ።"

"አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ያቆምኳት።"

"ቢሆንም ያስቀጣል።"

"አይ ያገሬ ነገር! ሰው ሲያጠፋ ይታሰራል፣ መኪና ሲያጠፋ ይፈታል?"

ፖሊሱ ሳቁ አመለጠው።

"እሺ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉት። "እየነዳኋት ቢሆን ኖሮ ትይዘኝ ነበር?"

ልጁ ሐቀኛ ነው፤ አሰብ አደረገ። "እውነቱን ልንገርዎት፣ አልይዝዎትም። እኔ በእግሬ ነኝ። አለቃዬ ደግሞ በቀን ሃያ ታርጋ ይዘህ ና ብሎኛል። የሚሮጠውን በምን ልድረስበት? የቆመ ግን አያመልጥም።" ታርጋዋን ይዞ ሄደ።

ጋሽ ወርዶፋ ፍሬኗን እዚያው በራቸው ላይ አሠርተው ምርመራ ሊጠይቁ በእግራቸው ሄዱ። "ታርጋ የሌለው መኪና አንመረምርም" አሏቸው። ታርጋ ሊያስመልሱ ሄዱ። "ቦሎ ሳያመጡ ታርጋ አይሰጥም" አሏቸው።

"ቦሎውን ከየት ላምጣ?"

"ከምርመራ።"

ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ፍሬኗ የዳነው ላዳ ቆማ ቀረች፤ ፍሬኑ የሞተው ሚኒባስ ሰው ጭኖ ሽው ይላል።

ሰፈሩ ይሄን አየ። ቦሎው አልፎበት መኪናውን አቁሞ የነበረ ሁሉ ድንጋዩን ከጎማ ስር እያወጣ መንዳት ጀመረ። የፖሊሱ አለቃ መጣና ባዶውን የመንገድ ዳር ሲያይ "በሉ እዩ፣ ሰፈሩ ጸዳ!" አለ። ተጨበጨበለት።

ሰኞ ጠዋት ያ ትራፊክ ፖሊስ ከጋሽ ወርዶፋ በር ፊት ለፊት፣ ቁልቁለቱ ግርጌ ላይ፣ እግረኛ ያሻግራል። ሚኒባስ ሲወርድ አየ። ፊሽካ ነፋ፤ እጁን ዘረጋ። በምኑ ይቁም? ሸዋፈራ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ዞር በሉ! ኧረ ዞር በሉ!" ይላል። ፖሊሱ እግረኞቹን ገፍትሮ አተረፋቸው፤ የእሱ እግር ግን ተሰበረ። ሚኒባሱም ሄዶ ግድግዳው ላይ ተሰካ።

ጋሽ ወርዶፋ ሮጠው ደረሱ።

"ጋሼ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ መኪና የለም?"

"አለ። ፍሬኗም ይሠራል። ግን ታርጋ የላትም፤ ልንዳት?"

ልጁ አያቸው። አፈረ። "ይንዷት ጋሼ" አለ።

በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕግ የጣሱት ያን ቀን ነው። ላዳዋ ግን ዛሬም በራቸው ላይ ናት፤ ፍሬኗ እንደሠራ፣ ታርጋዋ እንደተፈታ።

ገባህ? ሕግ ብሎ የቆመውን የሚቀጣ ሕግ፣ አገሩን ሁሉ ሩጫ ያስተምራል። እናንተስ፣ ቢሮ ተቀምጣችሁ "ሃያ ታርጋ ይዘህ ና" የምትሉ አለቆች፣ የዚያ ልጅ እግር ስንት ታርጋ ተብሎ ተቆጠረላችሁ?