የአያ ጅቦ መጠባበቂያ ሰርቨር

አንድ ጊዜ የዱር አራዊት ዕድር ነበራቸው። ዘመኑ ሠልጥኗል ብለው ጥሩንባ ነፊውን አሰናበቱና መርዶውን ሁሉ በኢሜይል ያደርጉት ጀመር። የኢሜይሉን ሰርቨር የሚጠብቀው አያ ጅቦ ነበር፤ ማሽኑንም ከእናቱ ጋር በሚኖርበት፣ ወንዝ ዳር ባለው ጉድጓዱ ውስጥ አኑሮታል።

የዕድሩ ዳኛ አንበሳ አስጠራውና «አያ ጅቦ፣ ይህ ማሽን አንድ ነገር ቢሆን መርዶ በምን እንሰማለን? መጠባበቂያ ሰርቨር ገዝተናል፤ ውሰድና ኮረብታው ላይ ካለው ዋሻ አስቀምጠው» አለው።

ጅቦ ሰርቨሩን ተሸክሞ ዳገቱን እንደጀመረ ቀበሮ አገኘው። ቀበሮ ያንን ዋሻ ለራሱ ሲመኘው የኖረ ነው።

«ወዴት ነው አያ ጅቦ?»

«ወደ ዋሻው። እኔ ሆዴን ተሸክሜ መውጣት አቅቶኝ፣ ይኸው ደግሞ ማሽን ጨመሩልኝ።»

«ታዲያ ምን አደከመህ? ሁለቱን ጎን ለጎን አኑራቸው። አንዱ ሲታመም ሌላው ያስታምመዋል።»

«እውነትህን ነው! ይህን እንዴት አላሰብኩም? ጭንቅላት የተሰጠኝ ለጆሮዬ ማንጠልጠያ ነው መሰለኝ!» አለና ጅቦ እየሳቀ ቁልቁል ተመለሰ። ስንፍና መካሪ ስታገኝ እንዴት ደስ እንደሚላት እኛም እናውቀዋለን። ቀበሮም ዋሻው ውስጥ ገብቶ ተጋደመ።

ክረምት ገባ። ወንዙ ሞላና ጉድጓዱን አጥለቀለቀው። ጅቦ እናቱን አዝሎ ለጥቂት አመለጠ፤ ሁለቱ ሰርቨሮች ግን አብረው ሰመጡ። አሮጊቷንም ብርዱ አልለቀቃትም፤ ብዙ ሳትቆይ ሞተች።

ጅቦ አንጀቱ ተቃጠለ። መርዶ የሚልክበት ኢሜይል የለ፣ የሚነፋለት ጥሩንባ የለ። ቀባሪ ፍለጋ ሜዳው መሀል ቆሞ «እናቴን! እናቴን!» እያለ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

ከሩቅ ለሚሰማው ግን የጅብ ጩኸት ያው የጅብ ጩኸት ነው። ሁሉም ልጆቹን እየሰበሰበ በሩን ዘጋ። አህያም ከውስጥ ሆና «ጅቡ ዛሬ ክፉኛ ርቦታል፤ ማንም ብቅ እንዳይል!» አለች።

ጅቦ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመጣ ጠፋ። ብቻውን መቃብር መማስ ጀመረ።

«አይ እኔ!» አለ እንባው አፈሩ ላይ እየወረደ። «ዕድሜ ልኬን በጩኸቴ አገር ሳስደነግጥ ኖሬ፣ ዛሬ ለቅሶ ነው ብል ማን ያምነኛል? አንዲት ዳገት ሰንፌ እናቴን ያለ ቀባሪ አስቀረኋት።»

ከዚህ የምንማረው መጠባበቂያ ከዋናው ጋር በአንድ ጉድጓድ ካደረ፣ ለጎርፉ ሁለተኛ ጉርሻ ከመሆን እንደማያልፍ ነው።