የኩሬው ወለል

አንድ የጨው አምራች ነበረ። ልጄ ጥላዬ፣ በዋጋ ተማኞች ጉባኤ በተሾምክ ማግስት ይዘህብኝ የመጣኸው ጥያቄ እጅግ አስደንግጦኛልና መልሱን በዚህ ሰው ነገር እሰጥሃለሁ።

ሰውየው የሚኖረው በቆላ አገር፣ በአንድ ጨዋማ ሐይቅ ዳር ነበር። የሐይቁን ውሃ በቦይ ወደ ኩሬው ያስገባል፤ ፀሐይ ውሃውን ስትመጥጠው የሚቀረውን ጨው ይዝቃል። ሲዝቅ ግን የታችኛውን ንጣፍ አይነካም። ያ ንጣፍ አባቱ በዕድሜ ልክ ድካም ያጠነከረው የጨው ወለል ነው፤ አዲሱን ጨው ከጭቃው የሚለየውም እርሱ ብቻ ነው። በዚያ አገር ወለሉን የፈነቀለ ሰው የዘር እህሉን ቆልቶ እንደ በላ ገበሬ ይቆጠር ነበር።

ከዕለታት በአንዱ ከባሕር ማዶ ነጭና ርካሽ ጨው በመርከብ መጣ። የአገሩ ገዥ እጅግ ደስ ብሎት፣ የአገሩም ጨው ከዚያ ዋጋ በላይ እንዳይሸጥ ዐወጀ። አምራቹ ሸንጎ ቀርቦ፣ «ጌታዬ፣ በዚህ ዋጋ የሠራተኞቼን ቀለብ እንኳ አልችልም» አለ።

«አንተ ሰው፣ ‹ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ› ሲባል አልሰማህም? እንደ ባሕር ማዶዎቹ አርክሰህ ሽጣ!»

«መርከቡ የቀረ ዕለትስ፣ ጌታዬ?»

«ባሕር ይደርቃል እንዴ?» አለ ገዥው። ሸንጎው በሳቅ አወካ።

አምራቹ ቤቱ ገብቶ ዶማውን አነሣ። ሚስቱ ነገሩ ገባትና ክንዱን ያዘች።

«ወለሉን? አባትህ ያነጠፉትን? ኧረ በፈጠረህ!»

«ልጆቹ ዛሬ ምን ይብሉ?» አላት።

ክንዱን ለቀቀችው። እርሱም ወለሉን ፈንቅሎ ሸጠ።

በዚያ ዓመት ገበያው በጨው ተጥለቀለቀ። ገዥው «ዋጋውን ባወርደው ምርቱ ወጣ!» ብሎ ግብር አበላ። የበሉት የቀብር ድግስ መሆኑን አንድም ሰው አላወቀም።

ቀጥሎ በሩቅ ሰዎች ጠብ ባሕሩ ተዘጋ፤ መርከብም ቀረ። ከብቱ ግድግዳ ይልስ ጀመር። ገዥው ግመሎቹን አስነድቶ ወደ ኩሬው ወረደና፣ «በፈለግኸው ዋጋ ስጠኝ!» አለ።

አምራቹ ጎንበስ ብሎ ከኩሬው ዘገነና በገዥው መዳፍ ላይ አኖረለት። ጥቁር ጭቃ ነበር።

«ምንድን ነው ይህ?»

«የዘንድሮው ጨው ነው፣ ጌታዬ። ወለሉን አምና በአዋጅዎ ዋጋ በልተውታል።»

«ታዲያ ሌላ ወለል መቼ ይደርሳል?»

«አባቴ ይህን ማንጠፍ ሲጀምሩ እኔ አልተወለድኩም ነበር።»

ገዥው ጭቃውን በመዳፉ እንደ ያዘ ባዶ ግመሎቹን አስነድቶ ተመለሰ።

ልጄ ጥላዬ፣ «የባሕር ማዶው ጨው ከረከሰ የአገሩን አምራች በዚያው ዋጋ ብናስረው ምን ይጎዳል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ያ ገዥ አንተ ነህ፤ መዳፍህ ብቻ ገና ንጹሕ ነው። የውጭ ጨው አይግባ አላልኩህም፤ አምራቹም ዋጋውን እንዳሻው ይስቀል አላልኩም። ነገር ግን ነገ ዋጋ ለመቁረጥ ስትቀመጥ፣ ገበያው ስለ ሞላ አታጨብጭብ። አስቀድመህ ቆላ ውረድ፤ የሚሸጠው ጨው ይሁን ወለል፣ በዓይንህ አይተህ ተመለስ።