በሞቴ የተሰጠ ወተት

ይህን ተረት በመጀመሪያ የነገሩኝ አቶ እንግዳሸት ቸርነት የተባሉ፣ ከቀዬ ቀዬ እየዞሩ ከብት ይከትቡ የነበሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ሲተርኩ ለአዋቂ አንድ፣ ለሕፃን ሌላ አያዘጋጁም ነበር፤ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይሰማቸው ነበር።

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት የየራሳቸው አጥር ግቢና የየራሳቸው ማኅበር በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ተራራ ግርጌ ቦራ የምትባል ላም ትኖር ነበር። ቦራ የተባለችው ግንባሯ ላይ ስላለው ነጭ ምልክት ነው። በቀዬው የተከበረች ነበረች። የለም፣ ይህን ላርመው፤ መከበርን የምትወድ ነበረች ማለት ይሻላል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ቦራ ጥጃዋ ሞቶባት፣ ጡቷ ወተት እንደሞላ በቀረበት ሰሞን፣ እናቱን ጎርፍ የወሰደበት ቡችላ ከአጥሯ ሥር ሲያላዝን አገኘች። አስገባችው፤ ስሙንም መከታ አለችው። ወተቷን በጮጮ እያለበች፣ የገብስ ቂጣ እየነከረች ስታጎርሰው ሐዘኗ ቀለል ይላት ጀመር። ቡችላውም «እማዬ» ብሎ ጠራት። አድጎም ድምፁ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ የግቢ ጠባቂ ሆነ። ከወንዙ ማዶ የሚኖረው አያ ጅቦ ስለሆነ ይህ ድምፅ ቀላል ነገር አልነበረም። በተለይ ጫንያለው ለሚባለው አህያ አልነበረም፤ ጫንያለው ቀን የቦራን ውኃና እህል ሲያመላልስ ውሎ፣ ማታ በግቢው ጥግ ጋደም ሲል እንቅልፍ የሚወስደው መከታ ሲጮኽ እየሰማ ነበር።

መከታ ጉልምስና ሲጀምር ግን ሰውነቱን ያሳክከው ገባ። መጀመሪያ ከጆሮው ኋላ ነበር፤ ከዚያ ብብቱን፣ ከዚያ ሆዱን። ፀጉሩ እየረገፈ ቆዳው እንደ ተቃጠለ ቀላ፤ መዳፉን ሲልስ ይውላል፤ ጆሮው መጥፎ ሽታ አመጣ፤ ድምፁም ሻከረ። ቦራ በእንዶድ አጠበችው፤ ባሰበት። አመድ ነሰነሰችበት፤ ባሰበት። ያላቋረጠችው ነገር ቢኖር ወተቱን ነው። የታመመ ሰው ወተት ካላገኘ በምን ይጠናል ትል ነበር። ሰው አልኩ እንጂ፣ ውሻ ማለቴ ነው፤ ለእሷ ግን ልዩነት አልነበረውም።

የማኅበሩ ተራ እሷ ዘንድ በደረሰ ዕለት፣ እንግዶች ሳይመጡ መከታን ወስዳ ከጎተራው ጀርባ አስቀመጠችው። ለአንተው ብዬ ነው፣ ነፋስ እንዳይመታህ፣ አለችው። እሱም እሺ አለ። ፍየል መጣች፤ በግም መጣች፤ ስለ አጎቷ ስለ ፈረስ ማውራት የማይሰለቻት በቅሎም መጣች። ገበታው ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ፣ ከጎተራው ጀርባ ድም ድም የሚል ድምፅ ተሰማ። መከታ በኋላ እግሩ ሲያክ ቁርጭምጭሚቱ ወለሉን እየመታ ነበር።

ፍየል ጆሮዋን አቀናች። «እመት ቦራ፣ ከበሮ የሚመታልን ቀጥረሻል እንዴ?»

«ከበሮውስ ይሁን» አለች በቅሎ፣ አፍንጫዋን እየነፋች፤ «ከበሮ ግን ይሸታል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

እንግዶቹ ሳቁ። ቦራም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ እንዲህ አለች፦ «የጎረቤት ውሻ ነው። በየት እየሾለከ እንደሚገባ እንጃ። እኔ ውሻ የለኝም።»

ድምፁ ወዲያው ቆመ። ማኅበርተኞቹ እስኪሄዱ ድረስ ሁለተኛ አልተሰማም።

ቦራ አፈረች፤ ግን ሐፍረቷን የምትክስበት ሌላ መንገድ አታውቅም ነበርና ጮጮዋን እስከ አፉ ሞልታ ሄደች። ቂጣውን ነክራ ወደ መከታ አፍ አቀረበች። እሱ ፊቱን ዘወር አደረገ። «በሞቴ» አለችው። ዞረና ዋጠ። ሌላ ነከረች፤ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።» እሷንም ዋጠ። ጮጮው ባዶ እስኪሆን ድረስ እንዲህ አደረጉ።

በማግስቱ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቀልቶ ስታየው ቀበሮን አስጠራች። ቀበሮ በዚያ አገር መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። መጥቶ መከታን አገላበጠው፤ ጆሮውን አሸተተ፤ ምን እንደሚበላም ጠየቀ። ቦራ ደረቷን ነፍታ፣ ከራሴ ጡት የታለበ ወተት ነው፣ ከዕለት ዕለት አላጓደልኩበትም ብላ መለሰች።  የቀበሮ ዓይን ከውሻው ወደ ጮጮው፣ ከጮጮው ወደ ውሻው ተመላለሰ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ ነገሩ የሰው ዓይን እንደሆነ፣ ክታብ እንደሚያስርለት፣ ዋጋውም በየማታው አንድ ጮጮ ወተት እንደሆነ ነገራት።

የዐቢይ ጾም ዋዜማ ነበርና ቦራ አመነታች። በዚያ ቀዬ ጾም ከገባ ወተት የሚቀምስ የለም፤ ይናጥና ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል እንጂ።

«መድኃኒት ጾም አያውቅም» አላት ቀበሮ። «ጾሙን ለውሻው፣ ወተቱን ለእኔ።»

እንዲሁ ሆነ። መከታ ክታቡን አንገቱ ላይ አስሮ በጾሙ ሁሉ ደረቅ የገብስ ቂጣና ተልባ በላ፤ ቀበሮም በየማታው ከአጥሩ ጥግ ተደብቆ ጮጮውን ላሰ። ሳምንታት ባለፉ ቁጥር ማከኩ ቀነሰ፤ ቁስሉ ደረቀ፤ ለሆሳዕና እንደ ሰኔ ሣር አጭርና ለስላሳ ፀጉር አወጣ። ድምፁም ተመልሶ ወንዙን ተሻገረ። ቦራ የቀበሮን ክታብ ለሰማው ሁሉ አመሰገነች፤ መከታንም አስከትላ፣ መንገዷ ባይሆንም፣ በበቅሎ ደጅ በኩል ትመላለስ ጀመር። ያን ጊዜ የጎረቤት ውሻ ነው አላለችም።

የፋሲካ ዕለት ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያውን ወተት ለማንም አልሰጠችም። ቂጣውን በወተትና በቅቤ ነክራ ወደ መከታ ሄደች። «ያንተን ጾም እኔው ልፍታልህ» አለች። መከታ ጉርሻውን አየ፤ እሷን አየ፤ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ጣለ። «በሞቴ» አለችው። አፉን ከፈተ።

ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ፀጉሩ ረገፈ። መዳፉ ተሰነጣጠቀ፤ ድምፁ ሻከረ፤ ከማከክ የተረፈችውን ጊዜ በመላስ ያሳልፋት ነበር። ቀበሮ ተጠርቶ መጣ። ክታቡ ሐሰት ነው እንዳይባል ሌላ ጥፋተኛ ያስፈልገው ነበርና፣ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ሲያበቃ ጫንያለው ከሚንከባለልበት ትቢያ ላይ ቆመ። ክታቡን የሻረው ይህ ነው፤ አህያው ከአጥር ውጭ ይደር፣ አለ።

ጫንያለው ጆሮዎቹን ጥሎ አዳመጠና እንዲህ አለ፦ «እመት ቦራ፣ እዚህ ትቢያ ላይ ስንከባለል ዓመታት አልፈዋል። መከታ ደኅና ሳለም እንከባለል ነበር፤ በጾሙ ሲድንም እንከባለል ነበር።»

መልስ ያጣ ይቆጣል፤ ቦራም ተቆጣች። ውጣ ብያለሁ አለችው።

«እሺ፣ እወጣለሁ» አለ ጫንያለው። «አያ ጅቦ ግን ትቢያ አይጸየፍም።»

ፀሐይዋ እንደ ጠለቀች፣ ገና ዓይን ከዓይን ሳይጠፋፋ፣ አያ ጅቦ ወንዙን ተሻገረ። ቀበሮም ከኋላው ነበር። ጅብ ሞኝ ነው ይባላል፤ ሞኝ ብቻ ማለት ግን ልክ አይደለም፤ ሆዱ ነው የሚያሞኘው። ጫንያለው ከአጥሩ ጋር ተለጥፎ ቆሞ ሳለ፣ አያ ጅቦ ጆሮውን በጥርሱ ይዞ በዚያው መጨረስ ሲችል፣ ቀበሮ ጉበቱ የእኔ ነው፣ ቃልህን አትርሳ ሲለው ክርክር ገጠመ። ጉበት የማን እንደሆነ ለመከራከር አፍ መክፈት ግድ ነውና ጆሮውን ለቀቀው። ጫንያለው አናፋ።

መከታ ሰማ። ለመጮኽ ሞከረ፤ ከጉሮሮው የወጣው የሻከረ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሮጠ። የተሰነጠቀ መዳፉ መሬቱን ሲረግጥ እያነከሰ፣ የአጥሩን እሾህ በተራቆተ ቆዳው ጥሶ ወጥቶ የአያ ጅቦን እግር ነከሰ። ቦራ ቀንዷን አሹላ ተከተለችው። ቀበሮ ማን እንደመጣ ለማጣራት እንኳ አልቆየም። አያ ጅቦ ግን ከእሾሁ አጥርና ከቀንዷ መካከል ገብቶ መሄጃ አጣ።

«እኔ ምን አጠፋሁ፣ እመት ቦራ?» አለ። «ቀበሮ ነው ያሳሳተኝ። ‹ላሚቱ ወተት እስካጠጣችው ድረስ ውሻው ያካል እንጂ አይጮኽም› ብሎኛል። መናከሱን ግን አልነገረኝም።»

ቦራ ቀንዷን አወረደች። አያ ጅቦም በዚያ ክፍተት ሾልኮ አመለጠ፤ ማንም አላሳደደው። ጫንያለው ከተቀደደ ጆሮው ደም እየተንጠባጠበ ቆሞ ነበር። መከታ እሾሁን ከጎኑ በጥርሱ ይነቅላል።

«መከታ» አለች ቦራ፣ «እውነት ነው?»

መከታ እሾሁን ተወ። «ከጠጣሁ በኋላ ነው የሚነሣብኝ። በፊት እጠረጥር ነበር፤ በጾሙ አወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«በሞቴ ትይኛለሽ፣ እማዬ። ልጅ የሞተባት እናት በሞቴ ብላ ስታጎርስ አፍ እንዴት ይዘጋል?» ከጎኑ የቀረውን እሾህ ነቅሎ ቀጠለ። «ደግሞ ውሻ የለኝም ያልሽ ዕለት ማታ ነው ወተቱን አብዝተሽ ያመጣሽው። እሱንም እንቢ ካልሁ በእውነት የጎረቤት ውሻ የምሆን መሰለኝ።»

ቦራ አንገቷን ደፋች፤ የግንባሯ ነጭ ምልክት እስኪሸሸግ ድረስ ደፋች። በውሻዋ አፍራ ታውቅ ነበር። በራሷ እንዲህ ስታፍር ግን የመጀመሪያዋ ነበር፤ ይህኛው ሐፍረት ደግሞ የሚደበቅበት ጎተራ የለውም።

በማግስቱ፣ የአገሩ ወግ እንደሆነው፣ በአንገቷ ድንጋይ አንጠልጥላ ጫንያለው ፊት ተንበረከከች። በደሏን አንድ በአንድ ተናገረች፤ ትቢያው ምክንያት እንዳልሆነ ያን ዕለትም ልቧ ያውቅ እንደነበር ሳትሸሽግ ተናገረች። ጫንያለው ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«አውርጂው» አላት። «በዚህ ግቢ ሸክም እኔ ይብቃኝ።»

ክታቡ ተፈታ፤ እንዶዱም አመዱም ተጣለ። ቦራ የመከታን መዳፍ በንጹሕ ውኃ ብቻ ታጥብ ጀመር። ምግቡም የገብስ ቂጣና ተልባ ብቻ ሆነ፤ አዲስ ነገር ልታቀምሰው ስትፈልግ አንዱን ለብቻው ትሰጥና ሳምንታት ትጠብቃለች፤ ካሳከከው ትተወዋለች። ጡቷ ግን ልማዱን ቶሎ አልረሳም፤ እየሞላ ያማት ነበር። በኋላ መንታ ወልዳ ወተት ላነሳት በግ ሰጠችው፤ ግልገሎቹ ይስማማቸው እንደሆነ አስቀድማ ጠይቃ። መከታ ቀስ በቀስ ዳነ። ፈጽሞ ዳነ ማለት አልችልም፤ ከጆሮው ኋላ አንዲት ገላጣ ቦታ ቀርታለች፤ ቅቤ የነካው ዕቃ በስሕተት የላሰ እንደሆነም ያሳክከዋል።

ዓመቱ ዞሮ የማኅበሩ ተራ እንደገና ቦራ ዘንድ ደረሰ። ፍየል ገና ሳትቀመጥ፣ ዘንድሮ ከበሮው ቀረ እንዴ ብላ ጠየቀች። ቦራ ተነሥታ ወጣች፤ መከታን ይዛ ተመለሰች፤ ከገበታው ራስ፣ ከጎኗ አስቀመጠችው።

«ከበሮ አልነበረም» አለች። «መከታ ነው። የኔ ውሻ ነው። አምና የጎረቤት ነው ያልኋችሁ ዋሽቼ ነው።»

ማንም አልሳቀም። በቅሎ አፏ ሞልቶ ነበር፤ ለመዋጥ ተቸገረች። ቦራ እንደ ልማዷ ቂጣ ቆርሳ ወደ መከታ አፍ አነሣች። አፉ ጋ ሳትደርስ ቆም አለች፤ ቂጣውን ወደ ገበታው መልሳ አኖረች።

«ምን ልስጥህ?» አለችው።

መከታ የቀረቡትን ምግቦች ተራ በተራ አያቸውና መለሰ። «ውኃ፣ እማዬ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የምንወደውን በሞቴ እያልን ከማጉረሳችን በፊት የሚስማማውን ልንጠይቀው እንደሚገባና ከታማሚው ቁስል ይልቅ የሚያሳፍረው እሱን መካዳችን እንደሆነ ነው።

አቶ እንግዳሸት የነገሩኝ ይህ ተረት ብዙ ዘመን በቃል ከቆየ በኋላ የተጻፈው፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ደብሪቱ ፀጉሩ የረገፈ ውሻቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ እንስሳት ሐኪም ሲወስዱ፣ «ሰው እንዳያየው ብዬ ነው» ባሉ ዕለት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው፤ የለም፣ ዐርብ ነበር።