የሽኮኮ ደጃፍ

ተረቴ መጣች፤ የሰማ ያኑራት። ሽኮኮን የበደለቻት ጎረቤቷ ጦጣ ናት፤ ስሟን አልደብቅላትም። አምና በሽምብራ እሸት ጊዜ «በሞቴ!» እያለች ስታጎርሳት ከረመች። ሽኮኮም ይሉኝታ ይዟት ስትውጥ፣ ስትውጥ ወፈረች። አንድ ቀን ንስር ሲመጣባት ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ግን በአለቱ ስንጥቅ፣ ያውም በገዛ ደጃፏ፣ ወገቧ ላይ ተቀረቀረች። ነፍሷ የተረፈችው የጀርባዋን ጠጉር ለንስሩ ትታ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳገት እየወጣች፣ በልክ እየበላች፣ ቀስ ብላ ቀጠነች።

ዘንድሮም እሸቱ ሲደርስ ጦጣ እፍኟን ሞልታ መጣች።

«እትዬ ሽኮኮ፣ ምነው እንዲህ መነመንሽ? ከቀጠንሽ ወዲያ ምን ትፈሪያለሽ? ብዪ እንጂ፣ በሞቴ!»

«በሞትሽማ አምናም በላሁ፤ ልሞት የነበርኩት ግን እኔ ነኝ» አለች ሽኮኮ። «አንቺ ዛፍሽ በር የለው፣ ምን ቸገረሽ!»

ጦጣ አኮረፈች። ሽኮኮም ጉርብትናው እንዳይበላሽ ሦስት ፍሬ ብቻ ተቀብላ፣ አጣጥማ በላችና «ይበቃኛል» ብላ ተነሳች።

በማግስቱ ጠዋት እህል ሳትቀምስ፣ እንደ ዘወትሯ ወገቧን ልትለካ በስንጥቁ አንዴ ገባች፣ አንዴ ወጣች። ድንጋዩ ጎኗን አልነካትም። እሷ ግን ቀጠንኩ ብላ ሳትተው፣ እያንጎራጎረች ዳገቷን ወጣች።